ተቋም የሚያውቀውን እንዳይረሳ፦ የዕውቀት አስተዳደርን ከዕለት ሥራ ጋር የማገናኘት ዝርዝር መመሪያ

የአሜሪካ መንግሥት ደብልዩ 76 የተባለውን የኑክሌር አረር አድሶ ዕድሜውን ለማራዘም ሲነሳ፣ ፎግባንክ በሚል የምስጢር ስም የሚጠራ አንድ ቁስ እንደገና ማምረት አስፈለገው። ቁሱ አዲስ ግኝት አልነበረም፤ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በመንግሥት ፋብሪካ ሲመረት የኖረ ነው። ሆኖም ለአገሪቱ ኮንግረስ ተጠሪ የሆነው የቁጥጥር መሥሪያ ቤት በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሪፖርት እንዳስረዳው፣ ስለ አመራረቱ ተጽፎ የተገኘው ጥቂት ነበር፤ ሥራውን የሚያውቁት ባለሙያዎችም ከሞላ ጎደል ሁሉም ጡረታ ወጥተዋል ወይም መሥሪያ ቤቱን ለቅቀዋል። አዲስ ማምረቻ ተገንብቶ፣ የድሮው አሠራር ከየመዝገቡ ተለቅሞ ምርት ሲጀመር ደግሞ የሚወጣው ቁስ እንደ ድሮው አልሆነም። ከብዙ ድካም በኋላ ምክንያቱ ተደረሰበት። ቀድሞ ይሠራበት በነበረው ጥሬ ዕቃ ውስጥ አንድ ባዕድ ነገር ነበረ፤ ለቁሱ ባሕርይ ወሳኙም እርሱ ነበር። ዘመናዊው የማጣሪያ ዘዴ ያንኑ እያጠበ ያስወግደው ነበር። የቀድሞዎቹ ሠራተኞችም ቢሆኑ ይህን አያውቁም ነበር።

የዕውቀት አስተዳደር የሚባለው ጉዳይ ሙሉ በሙሉ እዚህ ታሪክ ውስጥ አለ። ሰነድ ስለተቀመጠ ዕውቀቱ ተጠብቋል ማለት አይደለም። ጎበዝ ባለሙያ ስላለም ተቋሙ ራሱ ያውቃል ማለት አይደለም። በሥራው ውስጥ ብቻ የሚኖር፣ ማንም ልብ ብሎት የማያውቅ ዕውቀትም አለ። ስለዚህ የዕውቀት አስተዳደር ማለት ተቋሙ ሥራውን በአግባቡ ለመሥራት የሚያስፈልገው ዕውቀት የት እንዳለ ለይቶ ማወቅ፣ ዕውቀቱ ከያዘው ሰው ወደሚያስፈልገው ሰው በጊዜው እንዲደርስ ማድረግ፣ ከተሠራው ሥራ የተገኘውም ትምህርት ወደሚቀጥለው ሥራ እንዲገባ ማድረግ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ፣ የቀረው ሁሉ ፋይል ማደራጀት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ጥሬ መረጃን፣ መረጃንና ዕውቀትን አለመለየት ብዙ ተቋማትን ገና ሲጀምሩ ያሳስታቸዋል። ያለፈው ዓመት የግዥ ሰንጠረዥ ጥሬ መረጃ ነው። ከሰንጠረዡ ውስጥ የአንድ አቅራቢ ዕቃ በተደጋጋሚ እንደዘገየ ማውጣት መረጃ ነው። «ይህ አቅራቢ የሚዘገየው በዓመቱ መጨረሻ ትዕዛዝ ሲበዛበት ነው፤ እኛ ሁለት ወር ቀድመን እናዝዘው» ብሎ መወሰን ግን ዕውቀት ነው። የመጨረሻው በሰንጠረዡ ላይ የለም። ያለው ከአቅራቢው ጋር ለዓመታት ስልክ ስትደዋወል በኖረችው የግዥ ባለሙያ ዘንድ ነው። መዝገብ ቤቱም ሆነ የኮምፒውተር ክፍሉ ብቻውን ይህን ሥራ ሊወጣው የማይችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሐሳቡ የቅርብ ጊዜ ፋሽን አይደለም። የአመራር ሊቁ ፒተር ድራከር በ1950ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ስለ ዕውቀት ሠራተኛ፣ ማለትም በጉልበቱ ሳይሆን በሚያውቀው ስለሚሠራ ሰው፣ መጻፍ ጀምሯል፤ በ1990ዎቹ ጉዳዩ ራሱን የቻለ የሥራ ዘርፍ ሆነ። የጥራት አመራር ደረጃ የሆነው አይኤስኦ 9001 በ2015 እ.ኤ.አ. ሲሻሻል ተቋማት ለሥራቸው የሚያስፈልገውን ዕውቀት ለይተው እንዲይዙና እንዲጠብቁ የሚጠይቅ አንቀጽ ገባበት። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ አይኤስኦ 30401 የተባለ ለዕውቀት አስተዳደር ብቻ የተዘጋጀ ደረጃ ወጣ። ከዚህ በታች ያለው ግን የምስክር ወረቀት ለማግኘት የሚሄድ መንገድ አይደለም። ሃያ ሠራተኛ ያለው ድርጅትም፣ ሁለት ሺህ ሠራተኛ ያለው መሥሪያ ቤትም ሊጀምረው የሚችለው ሥራ ነው።

ደረጃ 1፦ ከአንድ ከሚያም ሥራ ጀምሩ

አብዛኛው የዕውቀት አስተዳደር ጥረት የሚወድቀው ገና በመነሻው ነው። ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ስትራቴጂ ይጻፋል፣ ሶፍትዌር ይገዛል፤ ከዚያ ሠራተኛው «የምታውቁትን ሁሉ አስገቡ» ይባላል። የሚያውቁትን ሁሉ ማስገባት የሚችል ሰው የለም፤ የገባውንም የሚፈልግ አይገኝም።

ስለዚህ ከዕውቀት አትነሱ፤ ከሥራ ተነሱ። ባለፉት ወራት የትኛው ስህተት ተደገመ? የትኛው ውሳኔ የአንድ ሰው ከፈቃድ መመለስ እየተጠበቀ ዘገየ? አዲስ ተቀጣሪ ራሱን ችሎ እንዲሠራ ረጅሙን ጊዜ የሚወስድበት የሥራ መደብ የትኛው ነው? ደንበኛ ለአንድ ጥያቄ ከሁለት ሠራተኛ ሁለት ዓይነት መልስ የሚያገኘው የቱ ላይ ነው? ከመልሶቹ ውስጥ አንዱን ብቻ ምረጡ። ምርጫው ትንሽ መስሎ ቢታያችሁም አትዘኑ፤ አንድ ሥራ ላይ የታየ ለውጥ፣ መሥሪያ ቤቱን በሙሉ ይሸፍናል ከተባለ ዕቅድ ይልቅ ሰው ያሳምናል።

የመረጣችሁትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት፤ ለምሳሌ «የጨረታ ሰነድ በየጊዜው በተመሳሳይ ጉድለት ከሕግ ክፍል ይመለሳል»። ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ «ዕውቀት» የሚለው ቃል ባይኖር ይሻላል። የምትፈቱት የሥራ ችግር ነው።

ደረጃ 2፦ ማን ምን እንደሚያውቅ ለዩ

የተመረጠው ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያልፍባቸውን ውሳኔዎች በቅደም ተከተል አስፍሩ። ከእያንዳንዱ ውሳኔ አጠገብ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ይህን በደንብ የሚያውቁት ስንት ሰዎች ናቸው፣ ከእነርሱ ውስጥ በቅርቡ ሊለቅ፣ ሊዛወር ወይም ጡረታ ሊወጣ የሚችል አለ ወይ፣ ዕውቀቱ ቢጠፋ መልሶ ለመገንባት ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል። አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው፣ ሰውየውም ሊሄድ የተቃረበ፣ መልሶ መገንባቱም ዓመታት የሚፈጅ ከሆነ ቀዩ መስመር ያ ነው።

እዚህ ላይ የሥራ መዘርዝርን አትመኑ። መዘርዝሩ ማን ተጠያቂ እንደሆነ እንጂ ማን እንደሚያውቅ አይናገርም። ለሠራተኞች «ይህ ነገር ሲጠፋባችሁ ማንን ትጠይቃላችሁ?» የሚል አንድ ጥያቄ አቅርቡና ስሞቹን ቁጠሩ። ብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ የሚወጣው ስም የኃላፊ ስም አይሆንም። ማዕረግ የሌላት አንዲት ነባር ጸሐፊ ወይም አንድ የመጋዘን ሠራተኛ የመሥሪያ ቤቱ ምሰሶ ሆነው ታገኛላችሁ። እነዚህ ሰዎች ቀኑን ሙሉ በጥያቄ ተከበው የራሳቸውን ሥራ ከሰዓት በኋላ የሚጀምሩ ናቸው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው ለእነርሱ በትክክል ይሠራል፤ የምትሠሩት ሥራም ሸክሙን የማካፈል ሥራ መሆኑን አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ደረጃ 3፦ የሚጻፈውን ከማይጻፈው ለዩ

ፈላስፋው ማይክል ፖላኒ ሰው በቃል ሊገልጸው ከሚችለው በላይ እንደሚያውቅ ያስተማረው ሐሳብ የዚህ ዘርፍ መሠረት ሆኗል። በጽሑፍ፣ በሥዕል ወይም በቀመር ሊሰፍር የሚችለው ግልጽ ዕውቀት ይባላል። በልምድ የዳበረው፣ በእጅና በዓይን ያለው፣ ባለቤቱ ራሱ ሲጠየቅ «ይታወቀኛል» ከማለት ሌላ የማይመልስበት ደግሞ ስውር ዕውቀት ነው።

ጃፓናውያኑ የአመራር ምሁራን ኢኩጂሮ ኖናካና ሂሮታካ ታኬውቺ ይህን የሚያሳይ ታዋቂ ምሳሌ መዝግበዋል። በ1980ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. የኤሌክትሪክ ዕቃ አምራቹ ማትሱሺታ ኩባንያ የቤት ውስጥ የዳቦ መጋገሪያ ማሽን ሲሠራ ሊጡ በትክክል አልታሽ አለው። መሐንዲሶቹ ማሽኑ ያሸውንና ባለሙያ ያሸውን ሊጥ በኤክስሬይ ሳይቀር አነጻጸሩ፤ መልስ አላገኙም። ከቡድኑ አንዲት የሶፍትዌር ባለሙያ በዳቦው ስሙ ወደተጠራ የኦሳካ ሆቴል ሄዳ ከዋናው ዳቦ ጋጋሪ ጎን ሆና ሥራውን ተማረች። ሰውየው ሊጡን ሲስብ እንደሚጠመዝዘውም አስተዋለች። እርሷ ያየችው ከመሐንዲሶቹ ጋር ተመክሮበት ወደ ማሽኑ ንድፍ ገባ።

ልብ በሉ፤ ዳቦ ጋጋሪው ቅጽ እንዲሞላ አልተጠየቀም። ቅጽ ቢሰጠው ኖሮ ስለ መጠምዘዙ አይጽፍም ነበር። ዕውቀቱ የተሻገረው አብሮ በመሥራት፣ ከዚያ በቃል በመግለጽ፣ ከዚያ ከሌላ ሙያ ጋር በማጣመር ነው። በመጨረሻም የተጻፈውን ሌሎች እየሠሩበት የራሳቸው ልምድ ያደርጉታል።

ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ ውሳኔ ይህ ነው፦ ሥራው በተመሳሳይ መልኩ ብዙ ጊዜ የሚደጋገም ከሆነ ጻፉት፤ ቅደም ተከተል፣ ማረጋገጫ ዝርዝር፣ ናሙና ሰነድ አዘጋጁ። እያንዳንዱ ጉዳይ ከሌላው የሚለይና ማመዛዘን የሚጠይቅ ከሆነ ግን ጊዜያችሁን በጽሑፍ ላይ አታጥፉ፤ ሰውን ከሰው አገናኙ። ድርድር፣ የበሽታ ምርመራ፣ ግጭት መፍታት፣ የተወሳሰበ ብልሽት መለየት የሁለተኛው ዓይነት ናቸው። ሁለቱንም በእኩል ለማድረግ የሚሞክር ተቋም ለሁለቱም የሚበቃ አቅም አያገኝም።

ደረጃ 4፦ አዋቂውን እንዴት እንደምታነጋግሩ ተዘጋጁ

ከሁሉም ደረጃዎች ብዙ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ አብዛኛው ተቋም ግን በአንድ ሰዓት ስብሰባ ሊጨርሰው ይሞክራል።

«ሥራህን እንዴት ነው የምትሠራው?» ብላችሁ ብትጠይቁ የምታገኙት መልስ መመሪያው ላይ ያለውን ነው። ሰው ስለ ሥራው በጥቅሉ ሲጠየቅ መሆን ያለበትን ይናገራል እንጂ የሚያደርገውን አይናገርም። ስለዚህ የተፈጸመ ጉዳይ ይዛችሁ ቅረቡ። «በባለፈው ወር ያ ፋይል ሲመጣ መጀመሪያ ያየኸው ምኑን ነው? አንድ ነገር ትክክል እንዳልሆነ የጠረጠርከው በምን ነው? ያኔ ሌላ ምን አማራጭ ነበረህ? ለምን ተውከው?» ብላችሁ ጠይቁ። በተለይ ነገሩ የተበላሸበትን ወይም ሊበላሽ ሲል የተረፈበትን ጊዜ ጠይቁ፤ ስውሩ ዕውቀት ብቅ የሚለው እዚያ ነው። «አዲስ ሰው እዚህ ቢቀመጥ የሚያመልጠው ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄም ብዙ ያስገኛል።

ጠያቂው ማን ይሁን የሚለውም ቀላል ጉዳይ አይደለም። የሥራ ባልደረባ ሲጠይቅ «ያው ታውቀዋለህ» እየተባለ ብዙ ነገር ይታለፋል። ከሥራው ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ሰው ደግሞ የቱ መልስ ተጨማሪ ጥያቄ እንደሚፈልግ አይለይም። ጥሩው ጠያቂ ሥራውን ሊረከብ የተመደበው ሰው ነው፤ ነገ የሚቸገርበት እርሱ ስለሆነ አድበስብሶ አያልፍም። በዕድሜም ሆነ በልምድ ለሚበልጡት ባለሙያ ተገቢውን አክብሮት ሰጥቶ፣ «እርስዎ ያኔ ምን አስተዋሉ?» እያለ በትዕግሥት መስማት አለበት።

ከንግግሩ በኋላ ሥራውን ሲሠሩ አጠገባቸው ተቀምጦ ማየት ይከተላል። በቃል ያልተነገረ ብዙ ነገር ይታያል፦ የሚደወልለት ሰው፣ ከሥርዓቱ ውጪ የተያዘች ማስታወሻ ደብተር፣ ሳያስቡት የሚደረግ ማጣራት። በመጨረሻ ተረካቢው የጻፈውን ብቻ ይዞ ሥራውን ይሥራ፤ ነባሩ ባለሙያ ዝም ብለው ይመልከቱ። ተረካቢው የቆመበት ቦታ ሁሉ ጽሑፉ የጎደለበት ቦታ ነው። ይህ ሙከራ ሳይደረግበት የተዘጋጀ የአሠራር ሰነድ በፎግባንክ ላይ የደረሰውን ዓይነት ክፍተት ይዞ ሊቀመጥ ይችላል።

ባለሙያው መልቀቂያ ካስገቡ በኋላ በቀሩት ጥቂት ቀናት ይህን ሁሉ ማድረግ አይቻልም። የተለመደው ርክክብ ንብረት፣ ቁልፍና የፋይል ዝርዝር ማስረከብ ነው፤ በራስ ውስጥ ያለው ሳይረከብ ይቀራል። ጡረታ የሚወጣበት ቀን አስቀድሞ ስለሚታወቅ ቢያንስ ከስድስት ወር በፊት ጀምሩ።

ደረጃ 5፦ መማርን በሥራው ላይ ስፉት

የአሜሪካ ጦር በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ለልምምድ ያዘጋጀውና በኋላ በብዙ ሲቪል ድርጅቶች የተወሰደ አንድ ዘዴ አለ። ከግዳጅ በኋላ ተሳታፊዎቹ ተሰብስበው አራት ጥያቄ ይመልሳሉ፦ ምን እንዲሆን ታስቦ ነበር? የሆነው ምንድን ነው? ልዩነቱ ለምን መጣ? በሚቀጥለው ምን ይቀጥል፣ ምን ይለወጥ? ማዕረግ ሳይለይ ሁሉም ይናገራል፤ ጥፋተኛ ለመፈለግም አይደለም።

ጥያቄዎቹ ቀላል ናቸው፤ ከባዱ ሥነ ሥርዓቱ ነው። ሥራው በተጠናቀቀ በቀናት ውስጥ አድርጉት፤ ከወር በኋላ ሰው የሚያስታውሰው ለራሱ የሚስማማውን ነው። ኃላፊው መጨረሻ ላይ ይናገር። የተባለው ነገር ለሥራ አፈጻጸም ምዘና አንድ ጊዜ እንኳ ከዋለ ከዚያ ወዲህ እውነቱን የሚናገር አታገኙም፤ ይህን ቃል ኃላፊው በግልጽ ይግባ፣ ይጠብቅም። ውይይቱ የሚያበቃው ቃለ ጉባኤ በመጻፍ አይሁን፤ ማን የትኛውን ቅጽ፣ የትኛውን መመሪያ፣ እስከ መቼ እንደሚያስተካክል በመወሰን ነው። ትምህርት የሚባለው አሠራር ሲለወጥ ብቻ ነው።

ከሥራ በፊት የሚደረገውም አለ። የነዳጅ ኩባንያው ቢፒ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አዲስ ሥራ የሚጀምሩ ቡድኖች ተመሳሳይ ሥራ የሠሩ ባልደረቦቻቸውን ከሌላ ቦታ ጠርተው ዕቅዳቸውን እንዲያስተቹ ያደርግ ነበር። ረጅም ጊዜ የሚወስድ ሥራ አይደለም። ዕቅዱ ገና ሳይጸድቅ መደረጉ ግን ወሳኝ ነው፤ ከጸደቀ በኋላ የሚመጣ ምክር ማንንም አያስደስትም።

ደረጃ 6፦ ማስቀመጫውን ለፈላጊው አመቻቹ

ስለ ሶፍትዌር ብዙ አልልም። ሠራተኛው ቀድሞውኑ በየቀኑ የሚከፍተው ቦታ ከሁሉ የተሻለ ነው። ርዕሱን ፈላጊው በሚጠይቅበት ቃል ጻፉት፤ «የክፍያ ሥርዓት አሠራር ማኑዋል ክፍል ሦስት» ከማለት «ደረሰኝ የጠፋበት ክፍያ እንዴት ይወራረዳል» ይሻላል። እያንዳንዱ ሰነድ ባለቤት፣ የተጻፈበት ቀንና እንደገና የሚታይበት ቀን ይኑረው። ባለቤት የሌለው ሰነድ አይቀመጥ።

ማን ያስገባ፣ ማንስ ያጣራ በሚለው ላይ ከዜሮክስ ኩባንያ ብዙ መማር ይቻላል። አንትሮፖሎጂስቱ ጁሊያን ኦር የኩባንያውን የፎቶ ኮፒ ማሽን ጠጋኞች ሲያጠና፣ አስቸጋሪ ብልሽት የሚፈቱት በማኑዋሉ ብቻ ሳይሆን ምግብ ላይ ተገናኝተው በሚጨዋወቱት የጥገና ታሪክ መሆኑን ተረዳ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ኩባንያው ዩሬካ የተባለ ሥርዓት ዘረጋ። ጠጋኙ ያገኘውን መፍትሔ ይልካል፣ ልምድ ያላቸው ጠጋኞች ፈትሸው ያጸድቁታል፣ ከዚያ በላኪው ስም ለሁሉም ይሰራጫል። በሙያው ሰዎች መጣራቱ ለጽሑፉ አመኔታ ሰጠው፤ ስሙ መውጣቱ ለላኪው ክብር ሰጠው።

ክብሩን አቅልላችሁ አትዩት። ሠራተኛ ዕውቀቱን የሚደብቀው ብዙ ጊዜ ስስታም ሆኖ ሳይሆን፣ የሚያውቀውን ከሰጠ በኋላ ተፈላጊነቱ እንዳይቀር ስለሚሰጋ ነው። ስጋቱ መሠረት አለው። ያስተማረውን ሰው ወዲያው ወደ ዳር የገፋ ተቋም ሁለተኛ አስተማሪ አያገኝም። ማስተማርን በሥራ መደቡ ውስጥ ጻፉት፣ ጊዜ መድቡለት፣ በዕድገት ውድድር ጊዜም ነጥብ ይኑረው።

ደረጃ 7፦ ለውጡን በሥራው ላይ ለኩ

የተጫኑ ሰነዶችን ብዛት መቁጠር ቀላል ነው፤ ግን ምንም አይነግራችሁም። በደረጃ 1 ወደጻፋችሁት ዓረፍተ ነገር ተመለሱ። የጨረታ ሰነዱ በዚያው ጉድለት የሚመለስበት ጊዜ ቀነሰ? አዲስ ተቀጣሪ ያለ ረዳት የመጀመሪያውን ጉዳይ የሚጨርሰው ከመቀጠሩ ከስንት ሳምንት በኋላ ሆነ? ያቺ ነባር ጸሐፊ በቀን የምትጠየቀው ጥያቄ ቀለለላት? እርሷን መጠየቅ ከማንኛውም መጠይቅ የበለጠ ይነግራችኋል። በሦስት ወር ውስጥ ምንም ካልተለወጠ ሌላ ሰነድ አትጨምሩ፤ የተጻፈውን በትክክል ማን እንደተጠቀመበትና የት ላይ እንደተወው ተከታተሉ።

ደረጃ 8፦ ያለፈበትን አስወግዱ

የተሻረ መመሪያ ከአዲሱ ጎን ተቀምጦ ሲገኝ ሠራተኛው የትኛውን እንደሚያምን ስለማያውቅ ወደ መጠየቅ ይመለሳል፤ ማስቀመጫው በዚያው ይሞታል። እንደገና የሚታይበት ቀን የደረሰ ሰነድ ባለቤቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ካላጸደቀው ከሥራ ላይ ይነሳ። ሲነሳ ግን አይጥፋ። ከፊቱ ላይ «ተሽሯል» ተብሎ ቀኑ፣ የተካው ሰነድ ቁጥርና የተሻረበት ምክንያት በሁለት መስመር ተጽፎ ወደ መዝገብ ቤት ይሂድ። ምክንያቱ ካልተጻፈ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሚመጣ ሰው ያንኑ የተሻረ አሠራር እንደ አዲስ ሐሳብ ሲያቀርበው ለምን እንደተተወ የሚነግረው አይኖርም።